ወደ ደንዊች በሌሊት፦ ከመመለሻው የተጀመረ ዕቅድ

ደንዊች ዳይናሞን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። በጁላይ ወር፣ ለሙሉ ጨረቃ በምትቀርበው ቅዳሜ ምሽት፣ ብስክሌተኞች ምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ውስጥ ለንደን ፊልድስ የሚባል ፓርክ ይሰበሰባሉ። ሌሊቱን ሙሉ ነድተው በማግስቱ ጠዋት ሳፎክ ይደርሳሉ፤ ሰሜን ባሕር ዳር ያለች ደንዊች የምትባል ትንሽ መንደር። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲደረግ ኖሯል። ምዝገባ የለም። ክፍያ የለም። ደረት ላይ ቁጥር አይለጠፍም፣ ሜዳሊያ አይሰጥም፣ የደከመውን የሚያነሳ መኪናም አይከተልም። የመጣ ይሄዳል። በቃ።

እንዲህ ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል። አዘጋጅ ስለሌለ ግን ጣጣው ሁሉ የሚወድቀው በሄያጁ ጫንቃ ላይ ነው። የኛ ቡድን እንዴት እንዳቀደው፣ ምኑ እንደሠራና ምኑ እንዳልሠራ ከዚህ በታች አለ።

ዘጠኝ ነበርን። ሁላችንም ለንደን የምንኖር፣ እሑድ ከሰዓት ሊ ወንዝ ዳር አብረን የምንነዳ። ነርስና ባለቤቷ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ምግብ በማድረስ የሚተዳደር ልጅ፣ አስመራ ተወልዶ ያደገ ወዳጃችን፣ ጡረታ የወጡት ጋሼና እኔ። ጋሼ ስድሳን አልፈዋል። ሀሳቡን ያመጣው የአስመራው ልጅ ነው። ድሮም ስለ ብስክሌት ከጀመረ አያቆምም፤ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ የሦስት ቀን ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ የሚቻል አልሆነም።

መጀመሪያ የተነሳው ክርክር የት እንሂድ የሚል ነበር። ሹፌሩ ብራይተን አለ። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ርቀቱ ከ90 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ከተማው ትልቅ ነው፣ ባቡር ጣቢያ አለው፣ ወደ ለንደን የሚመላለሰው ባቡርም ብዙ ነው። ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ከተማው ሊደርስ ሲል ዲችሊንግ ቢከን የሚባል ቀጥ ያለ ዳገት አለበት፤ ጫፉ 248 ሜትር ነው። የደንዊች መንገድ እጥፍ ይረዝማል፣ ግን እንዲህ ያለ ዳገት የለውም። ጋሼ ነገሩን ቋጩት። «ጉልበቴ ርቀት ይችላል፣ ዳገት አይችልም። ደግሞ ብራይተንማ አውቶቡስም ይሄዳል» አሉ። ሹፌሩ ራሱ ሳቀ። ደንዊች ተባለ።

መመለሻው

ቀጥሎ ሁሉም ያወራው ስለ መብራት፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ልምምድ ነው። እኔ ደግሞ እሑድ ጠዋት እንዴት ነው የምንመለሰው የሚለውን ይዤ ቀረሁ። ደንዊች ባቡር የላትም። ቅርቡ ጣቢያ ዳርሻም ነው፤ ከባሕሩ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ መስመር እሑድ የሚያልፈው ባቡር ጥቂት ነው፣ እያንዳንዱም የሚጭነው ብስክሌት በጣት የሚቆጠር ነው። በዚያ ጠዋት ደግሞ ባሕሩ ዳር የሚወርደው ብስክሌተኛ ከሺህ ሊበልጥ ይችላል። ሒሳቡን ለመረዳት ምሁር መሆን አይጠይቅም።

ሁለተኛው አማራጭ እስከ ኢፕስዊች መንዳት ነው። ትልቅ ጣቢያ ነው፣ ወደ ለንደን ሊቨርፑል ስትሪት የሚሄድ ባቡር እንደ ልብ ይገኛል። ግን ተጨማሪ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱን 180 ነድቶ ላልተኛ ሰው ይሄ ቀልድ ነው።

ሦስተኛውን ያመጣው የነርሷ ባለቤት ነው። ቫን ያለው ወዳጅ አለኝ፣ ይከተለንና ጠዋት ጭኖን ይመለስ አለ። ይሄን ነገር አልወደድኩትም። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ቡድን መኪና ካስከተለ ብስክሌተኛው በጭስና በመብራት መሀል ነው የሚነዳው። ሌላም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ከኛ ጋር የነቃ ሰው ጠዋት መሪ ጨብጦ ዘጠኝ ሰው አውራ ጎዳና ላይ ሊያወጣ ነው። ነርሷ ባሏን አየችው። «ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ መኪና የነዳ ሰው ስንቱን ሆስፒታል እንደማየው ታውቃለህ» አለችው። ቫኑ እዚያው ቀረ።

የቀረው አውቶቡስ ነው። ሳውዝዋርክ ሳይክሊስትስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ለዓመታት ይህን ሲያመቻች ኖሯል፦ ሰው በአውቶቡስ፣ ብስክሌት በጭነት መኪና። ትኬቱ በቅድሚያ ይሸጣል፣ ያልቃልም። ስለዚህ ማን ይችላል፣ ማን አይችልም ሳይባል፣ አንድ ሜትር ልምምድ ሳይደረግ፣ መጀመሪያ የተገዛው የዘጠኝ ሰው መመለሻ ነው። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። የሚሳተፍ ሳይታወቅ ገንዘብ ይወጣል ወይ አሉ። እኔ ግን እስካሁን በዚህ አቋሜ ነኝ። መሄጃውን እግር ይጨርሰዋል። መመለሻ የሌለው ቡድን ግን ጠዋት ላይ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ነው የሚጣላው። ትኬቱ ሲገዛ ሌላም ነገር መጣ፦ ሹፌሩ የእሑድ ተራውን ቀየረ፣ ነርሷ ፈቃድ ጠየቀች። ገንዘብ የወጣበት ቀጠሮ አይሰረዝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት ብስክሌት ማስረከብ አለ፣ ቁርስ አለ፣ ባሕር መግባት የሚፈልግም አለ። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ደንዊች እንድረስ ተባለ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ብንሄድ መንዳቱ ብቻ 10 ሰዓት ይፈጃል። ለዕረፍት፣ ለሽንት፣ ለጎማ 2 ሰዓት። መነሻው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። 18 የሚለው ቁጥር የጋሼ ነው። አንድ እሑድ ሳይነገራቸው ፍጥነታቸው ተለካ፤ ሳይቸኩሉ፣ እያወሩ የሄዱበትን ወሰድን። የአስመራው ልጅ 25 ነበር ያለው። የሱን ብንይዝ ኖሮ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያምር ነበር፣ ጋሼ ግን ገና መንገድ ላይ እያሉ አውቶቡሱ በሄደ።

እዚህ ላይ የሐበሻ ጣጣ መጣ። አንዱ ተማሪ ቴሌግራማችን ላይ «መነሻ 8:30» ብሎ ለጠፈ። ማታውኑ ጋሼ ደወሉ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ተነስተን መቼ ልንደርስ ነው? ደግሞ በዚያ ሰዓት ማን ያስነሳኛል?» ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ለሐበሻ ቡድን ሌላ ምክር ባይኖረኝ ይቺን እሰጣለሁ።

መውጫው ኤፒንግ ላይ ነው

ካርታውን ስናይ አንድ ነገር ገረመን። ከለንደን ፊልድስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ኤፒንግ ትደርሳለህ፤ የምድር ባቡሩ ሴንትራል መስመር የሚያልቅበት ነው። ከዚያ እስከ ሌይተን ድረስ፣ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ካልሆነ፣ ብስክሌት ይዞ መሳፈር ይፈቀዳል። እኩለ ሌሊት አካባቢ ግን የመጨረሻው ባቡር ይሄዳል። ከኤፒንግ በኋላ ግሬት ደንሞው፣ ፊንቺንግፊልድ እያልክ ስትሄድ ጣቢያ የሚባል ነገር አታይም። ሳድበሪ ጣቢያ አላት፣ አንተ በምትደርስበት ሰዓት ግን ዝግ ነው። ኒድሃም ማርኬትም እንደዚያው።

በሌላ አነጋገር ኤፒንግን ካለፍክ እስኪነጋ መመለሻ የለህም። ስለዚህ ኤፒንግ ላይ ቆመን እያንዳንዱ ሰው እንዲጠየቅ ተስማማን። ሆድ የቆረጠው፣ ጉልበቱ ያመመው፣ መብራቱ የደከመበት እዚያው ባቡር ይዞ ይመለሳል፤ ማንም አይቀልድበትም። ጠያቂዋ ነርሷ እንድትሆን ተደረገ። ለኛ ለወንዶቹ ደህና ነኝ ማለት ይቀናናል፣ እሷን ግን ማታለል አይቻልም።

መብራትን ባጭሩ ልለፈው። በብሪታንያ ሕግ ከፀሐይ ግባት እስከ ፀሐይ መውጫ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው፤ የኋላ አንጸባራቂም ጭምር። በዚያ ወቅት ጨለማው ሰባት ሰዓት ያህል ይቆያል። ብዙ መብራት ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይህን አይችልም። ከተማ ውስጥ በዝቅተኛው፣ ጫካ ውስጥ በከፍተኛው፣ ትርፍ ባትሪ በኪስ። ጨረቃ ታበራለች የሚለውን እርሱት። ዛፍ በሸፈነው መንገድ ጨረቃ ምንም አትረዳም፤ ደመናም አለ።

የምግብ አድራሹ ልጅ ጉዳይ ግን ያስቸገረን ነው። ብስክሌቱ በባትሪ የሚሄድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ያገለግለዋል፣ 180 ኪሎ ሜትር ግን የማይታሰብ ነው። ባትሪው ካለቀ በኋላ ያንን ክብደት በእግር መግፋት ደግሞ ቅጣት ነው። ከሚያውቀው ሰው ተራ ብስክሌት ተዋሰ። ይቺ ብስክሌት ኋላ ላይ ትመጣለች።

የሙከራው ሌሊት

ጁን ውስጥ አንድ ዓርብ ማታ ወደ ሳውዝኤንድ ሄድን። ከለንደን 65 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ባሕር አለው፣ ጠዋት ባቡር አለው። ሌሊት መንዳት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የተማርነው ስለ ምግብ ነው። ጾመ ሐዋርያት ገብቷል፣ ያውም ዓርብ ነው፤ ሦስቱ ይጾማሉ። ሹፌሩና ምግብ አድራሹ ሙስሊም ናቸው። የቀረነውም ብንሆን አሳማ አንበላም። ሌሊት ክፍት ሆኖ ያገኘነው ሱቅ ያለው ደግሞ የአሳማ ሳንዱች፣ አይብ፣ ቸኮሌት ነው። ደንዊችም ላይ ነገሩ ያው እንደሆነ ሰምተናል። የመንደሩ ሰዎች በየአዳራሹና በየደጁ ሻይ አፍልተው፣ ሥጋ ጠብሰው ይጠብቃሉ፤ ደግ ናቸው፣ ግን የሚጠበሰው በአብዛኛው አሳማ ነው።

ስለዚህ ስንቁ ከቤት ሆነ። በሶ በዘይትና በጨው ተለውሶ እንደ እንቁላል ተድበልብሎ በፌስታል ተጠቀለለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ። ቆሎ መንዳት ላይ አይመችም፤ አንድ እጅ መሪ ይዞ ሌላው ኪስ ውስጥ ሲዳብስ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈሳል። ቆም ብለህ ነው የምትቆረጥመው። በሶው ግን ድንቅ ነው። ጨው ያለው ምግብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መናገር አይቻልም፤ ስድስት ሰዓት ጣፋጭ ስትበላ አድረህ ምላስህ ሌላ ነገር ይለምናል። ለደንዊች ጾሙ ስላለፈ ነርሷ ጭኮ ጨመረችበት።

ሁለተኛው ነገር የሰልፉ ሥርዓት ነው። ወደ ሳውዝኤንድ ስንሄድ ተማሪዎቹ ቀድመው ጠፉ፣ ጋሼ ኋላ ቀሩ፣ መሀል ያለነው ማንን እንደምንጠብቅ ግራ ገባን። ለደንዊች እንዲህ ተደረገ። የአስመራው ልጅ፣ ፈጣኑ፣ የመጨረሻ ይሆናል። ውራ ጠባቂ አልነው። ከሱ ኋላ ማንም የለም፤ እሱ ካለፈ ሁሉም አልፏል ማለት ነው። መታጠፊያ በተገኘ ቁጥር ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ወርዶ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ውራ ጠባቂው እስኪደርስ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሰልፉ ውስጥ ይገባል፣ በሚቀጥለው መታጠፊያ ሌላው ይቆማል። የብስክሌት ክለቦች ከጥንት የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ስልክ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ፈጣኑን ሰው ሥራ ማስያዙ ነው፤ ሥራ ያለው ፈጣን ሰው አያስቸግርም።

ሌሊቱ

ኤፒንግ ላይ ሁሉም ደህና ነኝ አለ። ነርሷ አንዱን ተማሪ ሁለቴ ጠይቃ፣ እራት እንዳልበላ አውጣጥታ፣ እዚያው ሁለት የበሶ ድብልብል አስበላችው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሳድበሪ የሚነገር ብዙ የለም። ፊት ለፊት የቀይ መብራት ሰልፍ አለ፤ እሱን ተከትለህ ትሄዳለህ። በአንዳንድ መታጠፊያዎች ላይ ሰዎች የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ሻማ ለኩሰው መንገድ ዳር አስቀምጠዋል።

ሳድበሪን እንዳለፍን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የተዋሳት ብስክሌት የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ልጁ ፈጠን ብሎ ከመነዳሪውን ቀየረ፣ ነፋ፣ ተነሳን። ግማሽ ኪሎ ሜትር አልሄደም፣ ደገመ። ውራ ጠባቂያችን ከኋላ ደርሶ ብስክሌቷን ገለበጣት። መንኮራኩሩን አወጣ፣ ጎማውን አላቀቀ፣ መብራቱን ለተማሪው አስያዘ። ከዚያ አመልካች ጣቱን የጎማው ውስጥ አስገብቶ ቀስ እያለ ዙሪያውን ዳሰሰ። አንድ ቦታ ቆመ። «ያለ ምክንያት አይተነፍስም» አለ። የጥፍር ቁራጭ የምታክል የባልጩት ስባሪ ነበረች፤ ከውጭ አትታይም፣ ከውስጥ ግን ጫፏ ወጥቷል። በቁልፍ ጫፍ ገፍቶ አወጣት። ያ አገር መሬቱ ባልጩት የበዛበት ነው፣ ዝናብ ወደ መንገድ ያወርደዋል፣ ስለት ነው።

ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ። የሷ ጎማ ከሌሎቻችን ይለያል፤ ሰፊ ነው፣ የመንፊያው አፍም የመኪና ዓይነት ነው። የያዛትን ሁለተኛ ከመነዳሪ ባልጩቷ በስታዋለች። ከኛ የማንም አይሆንላትም። ጎሚስታ በሌለበት አገር የቀረው መለጠፍ ነው። በአሸዋ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ ጠበቁ። ብርድ ስለነበር ማስቲሹ ቶሎ አይደርቅም፤ ብብቱ ስር ከቶ አሞቀው። በጠቅላላው ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። ለዕረፍትና ለጎማ ከያዝነው ሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ግማሹ የሚጠጋው በአንድ ባልጩት አለቀ ማለት ነው። ሆኖም ተይዞ ነበርና ማንም አልደነገጠም።

ከዚህ የባሰው እንቅልፍ ነው። ሊነጋ ሲል፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የሰው ገላ ይቀዘቅዛል፣ ዓይን ይከዳል። ነርሷ ይህን አስቀድማ ታውቃለች። ከ9 ሰዓት በኋላ ማንም ብቻውን አይነዳም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ያወራል ብላ አዘዘች። ሹፌሩ ከጋሼ ጋር ተጣመረ። ጋሼ ወሬያቸው አያልቅም፤ ሹፌሩ ኋላ እንደነገረን ስለ ደርግ ጊዜ የዳቦ ሰልፍ ሲሰማ ነው የነጋለት። አንዱ ተማሪ ግን ማዛጋት አብዝቶ መሪው ሲወላገድ አየነው። አውቶቡስ ፌርማታ መጠለያ ስር በአልሙኒየም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሃያ ደቂቃ ተኛ። ሃያ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። የተነሳው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ደንዊች የደረስነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ካሰብነው ግማሽ ሰዓት ዘግይተን። ጋሼ ብስክሌታቸውን ጠጠሩ ላይ አስተኝተው ዙሪያቸውን አዩ። አንዲት ሻይ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ጥቂት ቤቶች። «ከተማው የታል?» አሉ። ባሕር ውስጥ ነው አልናቸው። እውነት ነው። ደንዊች በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ወደብ ነበረች። በፈረንጆቹ በ1286 እና በ1328 የተነሱ ማዕበሎች ወደቡን አበላሹት፣ ገደሉም ከዚያ ወዲህ እየተናደ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አንድ በአንድ ወሰደ። የመጨረሻው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ኦል ሴይንትስ፣ ተንዶ ያለቀው በ1904 እና በ1919 መካከል ነው። የሚያስቀው ደግሞ ከተማው ከጠፋ በኋላም እስከ 1832 ድረስ ሁለት እንደራሴ ለንደን ፓርላማ ትልክ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «መራጩ ዓሣ ነው?» አሉ።

ባሕር የገቡት ተማሪዎቹና የአስመራው ልጅ ናቸው። ሌሎቻችን ሻይ ያዝን። ብስክሌቶቹ ለጭነት መኪናው ሲረከቡ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ትኬት የሌለው ሰው ቀሪ ቦታ ይኖር እንደሆነ ሲለማመጥ አይተናል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቅነው አንዱ ኢፕስዊች አለን፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። እኛ አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ተኝተናል።

ለሚቀጥለው የተለወጡት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የተዋሰ ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ሰው ልኩን ቀድሞ ይናገራል፣ ለሱ የሚሆን ሁለት ከመነዳሪ ራሱ ይይዛል፣ አንድ ደግሞ ውራ ጠባቂው ጋ ይቀመጣል። የሃያ ደቂቃዋ እንቅልፍ ለደከመ ብቻ ሳትሆን ለሁሉም ሆና ሳድበሪ ላይ ገብታለች፤ በዚህም መነሻው በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፣ በፈረንጅ 8:00። ትኬቱ አሥር ይገዛል። የጋሼ ባለቤት እመጣለሁ ብለዋል።